አያቴን ያስሰቀለው አስተያየት

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ጎንደር ፒያሳ ደርሶ ቆመ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ከፊቴ የቆመ ባለ ከረባት ሰው ስለ ጉዞው አስተያየት ሳይሰጥ ሊወርድ ሲል ተይዞ ነው።

«ጥሩ ነበር» አለ። በሩ ንቅንቅ አላለም።

«በጣም ጥሩ ነበር።» አሁንም እንደተዘጋ ነው። ከኋላ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ሰውዬው ዞሮ ሲያየኝ አወቀኝ መሰለኝ፣ «እባክሽ እህቴ፣ አንድ ነገር በይልኝ፤ ሥራ ረፈደብኝ» አለ።

«ወንበሩ እንደ ክፉ አማት ጎን ይወጋል፤ መስኮቱም ከተማውን በአቧራ ሸፍኖ ነው የሚያሳየው፤ ነገር ግን አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲያይ እንደ ነፍሰ ጡር ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ለዛሬ ይቅር ብለነዋል በል» አልኩት። ቃል በቃል ደገመው። በሩ ተከፈተ።

እንጀራዬ ይኼው ነው። ፒያሳ ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ለሰው አስተያየት እጽፋለሁ። ድሮ በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊዎች እንዲህ ይቀመጡ ነበር ይባላል። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። የገቡት ግን ጃንጥላዬ ሥር ወረፋ ይዘው ይቆማሉ፤ ስለዚህ ማን ምን እንደተማረ አልከራከርም።

ከሃያ ቃል ያነሰ አስተያየት አይቆጠርም። አስተያየት የማይሰጥ ሰው «ዝምተኛ» ተብሎ ይመዘገባል። ዝምተኛ ቤት ውሃ የሚደርሰው ሰፈሩ ሁሉ ታጥቦ ካበቃ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰው ስለ ዳቦው ይናገራል፣ ስለ ክሊኒኩ ይናገራል፣ ስለ ቅዳሴው ርዝመት ይናገራል። ባለፈው የጎረቤታችን ባል ሲቀበር ሚስትየው ከቀብር በቀጥታ ወደ ጃንጥላዬ መጣች፤ ስለ አስከሬን ሳጥኑ ተጠይቃለች። «እጀታው ጠንካራ ነው፤ ባሌ ግን ለማመስገን አልቻለም» ብዬ ጀመርኩላት። እንባዋን ጠርጋ ፈገግ አለች፤ ለማታም ውሃ መጣላት።

መጻሕፍትም እንደ ዳቦው አስተያየት ይጠይቃሉ። ልዩነታቸው፣ የተባሉትን ይሰማሉ። አንባቢ ያለውን ሰብስበው ሰኞ ማለዳ ሌላ ሆነው ይነሳሉ፤ እስከሚታሸጉበት ቀን ድረስ። ከታሸጉ በኋላ አንዲት ነጥብ አትነካም። የከተማው መዝገብ ቤት የየቤተሰቡን ታሪክ የሚቀዳውም ከታሸጉ መጻሕፍት ነው። ልቦለድ ናቸው ወይስ አይደሉም ብሎ የጠየቀ የለም። ስለ ጥያቄው አስተያየት ስጡ የተባለም የለም።

የዚያ ዓመት ጎንደር ያበደችበት መጽሐፍ «አርብ የሞተው ሠዓሊ» ይባላል። መርማሪ አርሴማ የምትባል የእኛ ዘመን ፖሊስ መቶ ሰማንያ ዓመት ወደ ኋላ ትመለሳለች። ከቃጠሎ በኋላ እንደገና የታነጸ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለቃ ዘርአ ጽዮን የሚባሉ ሠዓሊ አርብ ሌሊት ከመሰላል ሥር ሞተው ይገኛሉ። ማን ገፋቸው? ነገሩ ይህ ነው። መልሱን ግን የሚያውቅ የለም፤ መልሱ አንባቢ ያለው ነው። ደራሲ? አንድ ሰው ጀምሮት ነበር ይላሉ። አንባቢው አሰናበተው።

ስለዚህ መጽሐፍ የጻፍኩት አስተያየት ራሱ መጽሐፍ ይወጣዋል። የሒሳብ መምህሩ፣ «ወደ ኋላ መሄድ ከቻለች ለምን ሐሙስ አልደረሰችም? ሐሙስ ብትደርስ ሰውየው አይሞትም፣ እኔም ሦስት መቶ ገጽ አላነብም» አሉ። ፀጉር ሠሪዋ ወይንሸት መቶ ሰማንያ ዓመት ተጉዞ ያልተበላሸ የመርማሪዋ ፀጉር ምን እንደሚቀባ ማወቅ ፈለገች። አንዱ መጥቶ «ግድያው ጥሩ ነው፤ ግን ይቀነስ» አለኝ፤ አንድ ሰው እኮ ነው የሞተው፣ ከአንድ ምኑ ይቀነሳል? አንድ የአዘዞ ሽማግሌ ደግሞ፣ «ይህች ልጅ ቤት ለቤት ዞራ ስትጠይቅ አንድ ሰው 'ቤት ያፈራውን ቅመሺ' አላላትም፤ ይህ ጎንደር አይደለም» ብለው በዱላቸው መሬቱን መቱ። በሚቀጥለው ሰኞ መርማሪ አርሴማ በየቤቱ እየበላች ምርመራው አርባ ገጽ ረዘመ።

ጣጣ የመጣው አሳታሚው «አያትዎን ያስገቡ» ያለ ዕለት ነው። በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ የነበረ አያት ያለው ሁሉ ስሙን እየሰጠ መጽሐፉ ውስጥ እንዲያስገባ ተፈቀደ። በአገሩ አያት የሌለው ሰው ጠፋ። ጡረታ የወጣው አባቴ ፈንታሁን በመጀመሪያው ቀን ተሰለፈና በጅሮንድ አቅናውን አስገባ፤ ወደ ላይ ሲቆጠር ስድስተኛ ቤት ላይ ያሉ፣ የአገረ ገዢው ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው። በመጽሐፉ ውስጥ የደረሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ሻማው ይብቃ» ይላሉ። አባቴ ለዚህች ዓረፍተ ነገር ጎረቤት ጠርቶ በግ አረደ። መብራት ባጠፋ ቁጥርም «ሻማው ይብቃ» ይል ጀመር።

ሕጉ እንዲህ ነው። ዘመድ ስለ ዘመዱ ንጽሕና ድምፅ የለውም። ስለሌላው ነገሩ ሁሉ፣ ምን ይለብስ እንደነበር፣ ማንን እንዳገባ፣ የዘመድ ቃል ከሺህ አንባቢ ይበልጣል። በገዛ ዘመዱ ላይ የሚመሰክር ደግሞ ከሁሉም በላይ ይታመናል። እስከዚያ ድረስ ግን እንዲህ ያለ እብድ አልተገኘም ነበር።

ናሁሰናይን ያገኘሁት ጃንጥላዬ ሥር ነው። መድኃኒት የሚያመላልሱትን ድሮኖች ይጠግናል። ስለ ሁሉም ነገር ያለው አስተያየት «ደህና ነው» የሚል ነው። ይህችን ወደ ሃያ ቃል ስዘረጋለት፣ ስዘረጋለት፣ አንድ ቀን «ስለ አንቺ ግን እኔ ራሴ እሞላዋለሁ» አለ። ሞላው። ሽማግሌ እልካለሁ አለ።

የእሱ ቤተሰብም አያት አስገብቶ ኖሯል። አጋፋሪ መርሻ ይባላሉ፤ የቤተ ክርስቲያኑ በር ጠባቂ። ቁልፉ በእጃቸው ስለነበር አንባቢ ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው መጽሐፉ ሰኞ ማለዳ ሲነሳ ገዳዩ አጋፋሪ መርሻ ሆነው ተነሱ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው የናሁሰናይ አጎት ጋሽ ዳምጠው። እንደ ደንቡ በራፍ ላይ ቆሙ። አባቴ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ዳምጠው። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። አባቴ ጣቱን እያጠፈ፣ «ሰባት ቤት ቆጥሬያለሁ» አለ። «ዝምድና የለም። እሱ መልካም ነው። ግን በእናንተ በኩል ስድስተኛው ላይ ስደርስ አስከሬን አገኘሁ።»

«አቶ ፈንታሁን፣ እሱ እኮ ልቦለድ ነው።»

«እስኪታሸግ ልቦለድ ነው። ከታሸገ መዝገብ ነው። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ሄዶ 'የነፍሰ ገዳይ ዘር' ሊባል ነው?»

«ታዲያ እንዲሁ ቆመን እንቅር?»

«ቁሙ። የሚታሸገው የዛሬ ሁለት ሳምንት ማግስት፣ ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ገዳዩ ሌላ ሰው ከሆነ ልጄን እሰጣለሁ። ካልሆነ ግን የምታዝኑት ለእግራችሁ ነው።»

ጋሽ ዳምጠው ከሰል መስለው ወጡ። መጋረጃውን ገልጬ፣ «አባዬ፣ አንተ 'ሻማው ይብቃ' ያሉ ሰው ዘር ስለሆንክ ነው እንዲህ የምትኮፈሰው?» አልኩት።

«ቢያንስ የእኔ አያት ሰው አልገፉም» አለ።

በማግስቱ ናሁሰናይ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ ጃንጥላዬ ሥር ተቀመጠ።

«ለግማሽ ከተማ የምትጽፊው አንቺ ነሽ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በየአስተያየቱ ጫፍ ላይ 'አጋፋሪው ንጹሕ ናቸው' የምትል ነገር ጣል ብታደርጊ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ።»

«ስንዱ፣ ሰርጋችን እኮ ነው!»

«ሰርጌ ስለሆነ ነዋ። ሰው ያላለውን በሰው አፍ አልጽፍም። ያንን ከጀመርኩ አንተ 'ደህና ነው' ስትል ምን ማለትህ እንደሆነ ራሴም ማመን አልችልም።»

ጭንቅላቱን አከከ። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ።

«ማንበብ» አልኩት።

እስከዚያ ቀን መጽሐፉን የማውቀው ደንበኞቼ በሚያመጡልኝ ቁርጥራጭ ነበር። ከገጽ አንድ ጀመርኩ። አስተያየት የሰጠው ሕዝብ ምን እያነበበ እንደነበር አላውቅም፤ ይህን መጽሐፍ ግን አይደለም። ሁሉም የሚያወራው ስለ ቁልፉ፣ ስለ መርማሪዋ ፀጉር፣ ስለሚቀርብላት ምግብ ነው። ሥዕሉን ያየ የለም። ሠዓሊ የሞተበት መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉን ያየ የለም!

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። ይሁዳ አንድ ዓይን ነው፣ ሰይጣን አንድ ዓይን ነው፣ ሰቃዮቹም እንዲሁ። መርማሪ አርሴማ ይህን አታውቅም። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ የምሴተ ሐሙስን፣ የመጨረሻውን ራት፣ ሥዕል በእጅ መብራቷ እያየች ከግርጌው ተደፍተው የተሣሉትን፣ ለሥዕሉ ገንዘብ ያዋጡ ምእመናን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። እንዲህ ይላል፦ «በጅሮንድ አቅናው ፊታቸውን ወደ ይሁዳ አዙረዋል፤ ሁለት ሰማያዊ ዓይኖቻቸው ያበራሉ።»

ፊቱን ወደ ጎን ያዞረ ሰው ሁለት ዓይን ከየት አመጣ? ሁለተኛው ዓይን ኋላ የተጨመረ ነው። ማን ጨመረው? ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሠዓሊው ረቡዕ ዕለት ሰማያዊ ቀለም አልቆባቸው ከግምጃ ቤት እንዲሰጣቸው ሲለምኑ፣ በጅሮንዱ ከምጽዋ የመጣውን ቀለም በቁልፍ ዘግተው ከልክለዋቸዋል። አርብ ሌሊት ሰማያዊ ቀለም በእጁ የነበረ ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ነው።

መጽሐፉን ዘጋሁ። ሠዓሊው አያቴን ከክፉዎች ጎን በአንድ ዓይን ሥለዋቸዋል። አያቴ ሊያስተካክሉ መሰላሉን ወጡ። ሠዓሊው ደረሱባቸው።

ገዳዩ የእኛ ናቸው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ትክክለኛ ንባብ በእጄ ይዤ መደበቅ አይሆንልኝም፤ አመሌ አይደለም። ደግሞስ? ገዳዩ የእሱ ወገን ከሆነ አባቴ ምን ብሎ ሰው ሊከለክል ነው? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ስም ጻፍኩ፦

«እኔ ስንዱ ፈንታሁን፣ ወደ ላይ ስቆጠር የበጅሮንድ አቅናው ስድስተኛ ትውልድ ነኝ። ስለ መርማሪዋ ፀጉር ምንም አስተያየት የለኝም። የአያቴን ዓይኖች ቁጠሩ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ማን እንደጨመረው ጠይቁ፤ ከዚያ የሰማያዊውን ቀለም ቁልፍ ፈልጉ። አጋፋሪው ቁልፍ ቢኖራቸውም ያ የበር ቁልፍ ነው።»

የሚቀጥለው ሰኞ አባቴ ቁርስ ላይ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። መሐል ላይ ድምፁ ጠፋ። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«'በዘር ምስክርነት' ይላል» አለ። «ከእኛ ዘር ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ?»

«ከእኛ ዘር መጻፍ የሚችል ስንት ሰው አለ?» አልኩ።

«አንቺ ነሽ አያትሽን ያስሰቀልሽው?»

«አባዬ፣ ዓይናቸውን ቁጠር።»

«አልቆጥርም!» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። በሩን በኃይል ሊዘጋ ሲሞክር በሩ ስለ አዘጋጉ አስተያየት ጠየቀው። የሰደበውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ከሃያ ቃል ግን ይበልጥ ነበር።

ማታ ወጣ። ዘጠነኛውን ምዕራፍ ይዟል። «በጎን ነው የተሣሉት» አለ በቀስታ። «ሁለት ዓይን ሊኖራቸው አይችልም።»

ከዚያ ዕለት ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ ተከራከርን። ገፏቸው ወይስ ራሳቸው ወደቁ? ቀለሙን ይዘው የሄዱት አስቀድመው አስበውበት ነው? እናቴ ከሞተች ወዲህ ከአባቴ ጋር እንዲህ አውርተን አናውቅም። አባቴ ያላስተዋልኩትን ሁለት ነገር አገኘ፤ አንዱ ትክክል ነበር። ቀስ እያለ ደግሞ ሌላ ነገር ገባው። «ሻማው ይብቃ» ብቻ ይሉ የነበሩት በጅሮንድ አሁን ሦስት ምዕራፍ አላቸው። ከመሰቀያው ሥር ቆመው «ሠዓሊው ዓይኔን ነሣኝ፤ እኔም ነፍሱን ነሣሁት» ሲሉ ሕዝቡ ይንጫጫል። አባቴ ይህን ጢሙን ሲላጭ በመስተዋቱ ፊት ሲለማመድ ሰማሁት።

«ገዳይ ናቸው» አለኝ ፊቱን እየጠረገ። «ግን ንግግር ያውቃሉ።»

እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። መጽሐፉ ሊታሸግ አንድ ቀን ሲቀረው ከእነ ናሁሰናይ ቤት መልእክት መጣ፤ «ሽማግሌዎቻችንን አንስተናል፤ ዝምድናው ይቅርብን» የሚል። አባቴ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እኛን?» አለ። «እኛን ነው?»

ሰኞ ረፋድ ላይ ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ ወጣ። እኔም ተከተልኩት፤ ለማስታረቅ ይሁን ለመጣላት መሄዱን ራሱም የሚያውቅ አይመስልም።

የናሁሰናይ እናት ወይዘሮ የውብዳር በሩን ከፈቱ። ጋሽ ዳምጠው ከውስጥ መጽሐፉን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ናሁሰናይ እኔን ሲያይ ተነሥቶ ቆመ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

አባቴ ከበራፉ ሳያልፍ፣ «የነፍሰ ገዳይ ዘር ስለሆንን ነው የተጸየፋችሁን?» አለ።

«ኧረ ወዲያ! እሱ ማንን ያስቀይማል?» አሉ ወይዘሮ የውብዳር። «የተቀየምነው ለአያታችን ነው። ገዳይ በነበሩበት ሰሞን ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ይጠይቀኝ ነበር፤ ያልተጠራሁበት ድግስ አልነበረም። አሁን ልጅዎ በጻፈችው በረኛ ሆነው አረፉት! 'አጋፋሪው በሩን ከፈቱ። አጋፋሪው በሩን ዘጉ።' ይሄ ነው? ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ እንዲህ ሆነው ሊታሸጉ ነው?»

አባቴ ቁጣው ተነነ። ይህን ሕመም ያውቀዋል።

«ልክ ነዎት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጎዳል» አለ።

ጋሽ ዳምጠው ተጠጉ። «እኛ ያሰብነው፣ ልጅዎ የጻፈችው እንደሚሰማ አይተናል። አያታችን ተባባሪ ቢሆኑስ? ቢላዋውን ያቀብሉ።»

«ቢላዋ የለም፤ ከመሰላል ነው የተገፉት» አለ አባቴ።

«እንግዲያው መሰላሉን ይያዙ!»

«መሰላሉን ቢይዙ በእኛ በኩል ቅሬታ የለም» አለ አባቴ በቸርነት። «ገዳዩ ግን የእኛ እንደሆነ ይቀራል።»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ናሁሰናይም አየኝ። አንድ አስተያየት ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ሃያ ቃል፤ አሮጊት በደረቀ ምላስ የምትጨርሰው ነገር።

«አልጽፍም» አልኩ። «መሰላሉን አልያዙም። ገጹ ላይ የለም።»

«ስንዱ!» አለ አባቴ።

«አያቴን ያስሰቀልኩት ገጹ ላይ ስላለ ነው። የሌለውን ከጨመርኩማ እኔም በሰው ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን እየሣልኩ ነው።»

ወይዘሮ የውብዳር ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ታዲያ እሳቸው ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ምን ሲያደርጉ ነበር?»

«በር ላይ ቆመው። በጅሮንድ ሲገቡ አይተዋል፤ ሲወጡም አይተዋል። ኋላ ግን መርማሪዋ ስትጠይቃቸው 'ማንንም አላየሁም' አሉ።»

«ለምን ዋሹ?»

ከዚያ ሁሉ ሺህ አስተያየት መካከል አንድ ሰው እንኳ ይህን አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም። ወይዘሮ የውብዳርን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኋቸው።

«አላውቅም» አልኩ። ይህች ቃል ከአፌ ስትወጣ ጥርሴን ትሰብራለች።

«እኔ አውቃለሁ!» አሉ ጋሽ ዳምጠው። ማንም ሳይዛቸው መጽሐፉን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ «የአጋፋሪ መርሻ ዘር ነኝ፤ አያታችን ዝም ያሉት የበጅሮንድ አቅናውን ሴት ልጅ ለአንድያ ልጃቸው ድረው፣ ሁለቱ ቤቶች አማቾች ሆነው ስለነበር፣ የአማቻቸውን ገመና መሸፈን ወግ ስለሆነ ነው» አሉ።

በመጨረሻው ቀን መጽሐፉ ሌላ ሰኞ አይጠብቅም፤ እንደሰማ ይለወጣል። ገጹ በእጃቸው ላይ ተገላበጠ። አጋፋሪ መርሻ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አገኙ፤ ውስጡ ሰርግ ነበረበት፣ በሬ ነበረበት፣ እንባ ነበረበት። ወይዘሮ የውብዳር እልል አሉ። አባቴና ጋሽ ዳምጠው ተቃቅፈው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። «አማቾች ነበርን! ድሮም አማቾች ነበርን!»

እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ። ወይዘሮ የውብዳር በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ እየነኩ ይቆጥራሉ።

«የበጅሮንድ ልጅ የአያታችንን ልጅ ካገባች» አሉ፣ «ናሁሰናይም የበጅሮንድ ልጅ ነው። እሷም የበጅሮንድ ልጅ ናት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት... ስድስተኛ ቤት ላይ ገጠሙ።»

አባቴ የጋሽ ዳምጠውን ትከሻ ለቀቀ።

«ዘመዳሞች ናቸው?» አለ አባቴ።

«ሰባት ቤት አልሞላም። ቄሳችን አባ ተክለ አልፋ ይህን መጽሐፍ ከዳዊት እኩል ነው የሚያነቡት፤ ተክሊሉን እንኳን ሊደፉላቸው በአንድ አውቶቡስም አያሳፍሯቸው።»

«ልሰርዘው!» አሉ ጋሽ ዳምጠው። መጽሐፉ ግን የመሰከረ ምስክር ቃሉን እንዲያጥፍ አይፈቅድም። ናሁሰናይ ሰዓቱን አየና ወደ እኔ ዞረ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው። «አንብቢ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም።

መጽሐፉን ከጋሽ ዳምጠው እጅ መንጨቅኩ። ሰርጉን ዘልዬ፣ ችሎቱን ዘልዬ ወደ መጨረሻው ሄድኩ። በጅሮንድ ሊሰቀሉ ነው። ሕዝቡ አለ፣ ንግግሩ አለ። ልጃቸው ከሕዝቡ ተነጥላ ቆማለች። እንዲህ ይላል፦ «ነጠላዋ ከራሷ ላይ ተንሸራተተ፤ ጋሜዋ በነፋስ ውስጥ ታየ።»

«ጋሜ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ አባቴ።

«በዚያ ዘመን ያገባች ሴት ጋሜ አትሆንም! አናቷ ተላጭቶ ዙሪያውን የሚቀመጠው የልጃገረድ ነው፤ ካገባች ታሳድገውና ትሠራዋለች። አባቷ ሲሰቀል ልጅቷ ገና ልጃገረድ ናት። ሰርጉ አልተደረገም!»

ወይዘሮ የውብዳር ደረታቸውን ያዙ። እኔ መጽሐፉን አፌ ላይ አስጠጋሁ።

«የበጅሮንድ አቅናው ዘር ነኝ። በስቅላቱ ቀን የአያቴን ልጅ ፀጉር እዩ፤ ጋሜ ናት። ጋሜ የሆነች ልጅ ባል የላትም። ስለዚህ አጋፋሪው አማች ሆነው ሳይሆን ሌላ ነገር ጠብቀው ነው ዝም ያሉት። ምን ይጠብቁ እንደነበር መጽሐፉ ራሱ ይንገረን።»

ገጹ ተንቀሳቀሰ። የሰርጉ ምዕራፍ፣ በሬውም እንባውም፣ እንደ ጤዛ ጠፋ። ቦታውን ሌላ ጽሑፍ ያዘ፤ አጭር ነው። ከዚያ ሽፋኑ ደነደነ፤ ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ታሽጓል። ማንም ስለዚህ ምንም አስተያየት አልተጠየቀም።

ለማንበብ የደፈረ አልነበረም። በመጨረሻ ወይዘሮ የውብዳር ወስደው ጮክ ብለው አነበቡ፦

«አጋፋሪ መርሻ ለልጃቸው የበጅሮንድን ልጅ ሽተው ከአርብ በፊት ሽማግሌ ልከው ነበር። ሽማግሌዎቹ በራፍ ላይ ቆመው ቀሩ። አጋፋሪው መልሱን እየጠበቁ ያዩትን ዋጡ። መልስ ሳይመጣ በጅሮንድ ተሰቀሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልስ አልነበረም።»

ጋሽ ዳምጠው ወደ በሩ አመሩ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከገዛ ቤታቸው ወጥተው፣ አባቴ አጠገብ በራፉ ላይ ቆሙ።

«አቶ ፈንታሁን» አሉ፣ «አያታችን የላኩት ሽማግሌ እስከ ዛሬ አልተቀመጠም።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ናሁሰናይን አየ።

«ትንሽ ዘገየን» አለ። «ሰጥተናል።»